ምኗን ነው የወደድኩት?

ዛሬ ያው የክረምቱ ድብርት ይዞኛል። እዚህ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ ዝናብ አንዴ ከጀመረ መቼም አይለቅም። መብራትም ጠፋ። ቤት የማሳድጋቸው ጎልድ ፊሽ ዓሣዎች አየር መንፊያ ቀጥ አለ። ሻማ ለኩሼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ለነሱ ብዙም አልሰጋሁም። ጎልድ ፊሽ ብርድ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ከሞቀው ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። በረዶ በሚሸፍናቸው አገሮች ኩሬው ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ እንኳ ቶሎ አይሞትም። ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በመተንፈሻው፣ በስንጥቡ፣ ያስወጣዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

እንዲህ ያለ ጠንካራ ፍጥረት ሰው እጅ ገብቶ ምን እንደሆነ ሳስብ ነው የሚከፋኝ። ቻይናዎች ከ1,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ቀለሙ ለየት ያለውን እየመረጡ አራቡት። ከዚያ ጅራቱን፣ ከዚያ ዓይኑን፣ ከዚያ ገላውን ቀየሩት። ከኔዎቹ ኮሜት የሚባለው ዓይነት አሁንም የአያቶቹ ቅርጽ አለው፤ ረዘም ያለ፣ ፈጣን። ኦራንዳ የምትባለዋ ግን ክብ ናት፤ አናቷ ላይ እንደ እንጆሪ ያበጠ ሥጋ አለ። እሷ ምግቡ ጋ እስክትደርስ ኮሜቱ ጠራርጎ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው የለየኋቸው። ገላዋ አጭርና የታጨቀ ስለሆነ ውስጧ ያለው የአየር ከረጢት ይዛባል፤ አንዳንዴ ሚዛኗን ስታ ወደ ጎን ትጋደማለች። ጎልድ ፊሽ ጨጓራ የለውም፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ነው የማበላት፤ የሚሰጥመውን ዓይነት ምግብ። ውኃውንም ከሮቶ ቀድቼ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድራለሁ። በየሳምንቱ ሲሶውን እቀይራለሁ። ከነሱ የሚወጣው አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ ስንጥባቸውን ግን ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ የማደርገው ስለምወዳት ነው። ግን ምኗን ነው የወደድኩት? ያንኑ አናቷን፣ ያንኑ ክብ ገላዋን አይደል? መዋኘት ያስቸገራትን ነገር ነው እኮ ቆንጆ ነው የምለው።

አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ ያንን ዓይኑ ሥር ውኃ የቋጠረ ከረጢት የተንጠለጠለበትን ዓሣ ግዙልኝ ትላለች። ስልክ ላይ አይታው ነው። የጀርባ ክንፍ የለውም። ከረጢቱ ሹል ድንጋይ ከነካው ይፈነዳል። ብገዛው ሌላም እንዲራባ ገንዘብ ሰጠሁ ማለት ነው። ባልገዛው ደግሞ እሱ አንዴ ተወልዷል፤ ድንጋዩን ሁሉ አውጥቶ፣ ለብቻው አድርጎ የሚይዘው ሰው ላያገኝ ይችላል።

እናቷ «ዓሣ ነው፣ ግዛላት በቃ» ትለኛለች። ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች። ምን ልበላት?