ዛሬ ከልጄ ጋር ሮጥኩ
ጉልበቴ እያቃሰተ ነው፤ ልጄ ግን ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቤቱን ታዞረዋለች። ዛሬ በታላቁ ሩጫ አብረን ተሳተፍን። እውነቱን ለመናገር እሷ ሮጠች፣ እኔ ተከተልኳት። መስቀል አደባባይ ላይ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ መጀመሪያ መራመድ እንኳን ብርቅ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ1994ቱን፣ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው መቼም ከኋላ ተነሥቶ አይደለም!

ከሩጫው ጋር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እንደሚሰበሰብ ስነግራት ያጠራቀመቻትን ሳንቲም ሁሉ አውጥታ አዋጥታ ነበር። ዳገቱ ላይ ቆም ስል ታዲያ «አባዬ፣ ለልጆቹ እኮ ነው!» ብላ እጄን ጎተተችኝ። ማረፍ ተከለከልኩ። ሙዚቃ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ እስክስታ መምታት ግን በእሷ ሕግ ይፈቀዳል፤ ሰዓታችንን አትጠይቁኝ።

ለሚመጣው ዓመት እናቷንም ልታስመዘግብ ወስናለች። እናቷ ገና አልሰማችም።