ታብሌት ከነኪቦርዱ ገዝቼ ምርቃቴ እንዴት እንዳመለጠኝ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ወራት ስለቆየሁ ነው። ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ኪቦርድ ያለው ታብሌት ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አለ። የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ስለ ዋጋ፣ ስለ ክብደትና ስለ ባትሪ ነው። ስለ ፊደላችን የሚያነሳ ግን አላገኘሁም። እኔን የጎዳኝ ደግሞ እሱ ነው።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ማስተርሴን እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌም በአማርኛ ነው። ስለዚህ በቀን የምተይበው አብዛኛው ነገር አማርኛ ነው ማለት ይቻላል። አሮጌው ላፕቶፔ መጀመሪያ ማጠፊያው ተሰበረ፣ ከዚያ ስክሪኑ በከፊል ጠቆረ፣ በመጨረሻ ጭራሽ አልነሳ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ቦርዱ ነው፣ ብር አታፍስሺበት» ብሎ መለሰልኝ።

ጊዜውም ጥሩ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የኤሌክትሮኒክስ ዋጋም አብሮ ወጣ። አዲስ ላፕቶፕ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ያገለገለ ለመግዛት ደግሞ ፈራሁ፤ የሞተብኝም ያገለገለ ነበርና።

መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ ገባሁ። 11 ኢንች ታብሌት ነው፤ ኪቦርዱ ከታች ጠቅ ብሎ ይያያዛል፣ እስክርቢቶም አለው። ልጁ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ላፕቶፕ ነው፤ ስትፈልጊ ደግሞ ታብሌት ይሆንልሻል» አለኝ። ስሜን በእንግሊዝኛ ተየብኩ። ቁልፎቹ ለስለስ ያሉ፣ እጅ ላይ የሚመቹ ናቸው። ከ50 ሺህ ብር በላይ ከፍዬ ወጣሁ። አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ሳልተይብ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወደድኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ። ፒዲኤፍ ላይ በእስክርቢቶው አሰምራለሁ፣ ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ፓወር ባንክ ይሞላል። ለማንበብ ታብሌትን የሚያህል የለም፤ ይሄን ዛሬም አልክድም።

ነገሩ የተበላሸው ጽሑፌን መጻፍ ስቀጥል ነው።

መጀመሪያ ወርድ። ፋይሌ ተከፈተ፣ ማረም ግን አልችልም። ለካ ማይክሮሶፍት በስልክና በታብሌት ላይ ወርድን በነፃ ማረም የሚፈቅደው ስክሪኑ እስከ 10.1 ኢንች ለሆነ ዕቃ ብቻ ነው። ከዚያ ከበለጠ በነፃ ማንበብ እንጂ ማረም የለም፤ ለማረም መክፈል ያስፈልጋል። የእኔ 11 ነው። ትልቁን የመረጥኩት ለዓይኔ ብዬ ነበር። እከፍላለሁ ብልም የባንክ ካርዴ ውጭ አገር አይከፍልም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ «እኔ ልክፈልልሽ» ብላኝ ነበር፤ በየወሩ ሰው ማስቸገር ከበደኝና ተውኩት። ወደ ጉግል ዶክስ ዞርኩ።

ቀጥሎ ኪቦርዱ። ላፕቶፕ ላይ የለመድነው የእንግሊዝኛውን ኤም ስንጫን «ም» እንዲወጣ፣ ኤ ስንጨምርበት «ማ» እንዲሆን ነው። በታብሌቴ ላይ ኤም ስጫን ኤም ወጣ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የኪቦርድ ቋንቋዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁት። አማርኛ የለም። ስልካችን ላይ የምንጠቀምበት የአማርኛ ኪቦርድ አለ፣ ግን እሱ ስክሪን ላይ በጣት የሚነካው ነው። ኪቦርዱ ሲያያዝ ደግሞ እሱ ይደበቃል። እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፣ አደረግኩትም። ከዚያ ግን የስክሪኑን ግማሽ ይወስዳል፤ ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩበት ኪቦርድ ከፊቴ ተቀምጦ እኔ መስታወት በጣቴ እነካካለሁ።

በኋላ ኪይማን የሚባለውን፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ የሚያስተይበውን ፕሮግራም፣ በነፃ ጫንኩ። ሠራ፣ ደስ አለኝ። ግን በእኔ ታብሌት ላይ ኪቦርዱን ነቅዬ በሰካሁት ቁጥር ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ሁለት አንቀጽ ጽፌ ቀና ስል አንዱ አንቀጽ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። አማካሪዬ አስተካክያቸው ብለው ከላኩልኝ ሦስት ምዕራፎች አንዱን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በላፕቶፕ የአራት ቀን ሥራ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አባሪው ነው። ጽሑፌ መጨረሻ ላይ የቃለ መጠይቆች ግልባጭ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት የሥራ ባልደረባዬ የተየበችው ነው፣ በድሮ የግዕዝ ፎንት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የሚሠሩት የላቲን ፊደል ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል በማልበስ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ካለ «ሰላም» ብለህ ታነባለህ፣ ከሌለ ነጥብና ጭረት የተሸከመ የፈረንሳይኛ ፊደል የሚመስል ነገር ታያለህ። ብዙ ቢሮዎች ከዩኒኮድ በኋላም በእነዚህ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። ላፕቶፕ ላይ ፎንቱን ትጭናለህ፣ አለቀ። ታብሌቴ ላይ ለመጫን ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ እንቢ አለኝ። አሥራ አራት ገጽ የሰዎች ቃል፣ አንዷን መስመር ሳላነብ «ያው ልክ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ማስገቢያው ዓርብ 6 ሰዓት ነበር። ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ደረስኩ። ፍላሹን ታብሌቴ ላይ በኦቲጂ፣ ፍላሽ በሚያገናኘው ማያያዣ፣ ሰክቼ ፋይሉን ገልብጬዋለሁ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ።

«እህቴ፣ ይሄ በምንድነው የተተየበው?»

«በታብሌት።»

«ፎንቱ ሁሉ ተቀይሯል።»

እውነቱን ነው። መመሪያው ኒያላ ፎንት ይላል፤ ዶክስ ግን ኒያላ የለውምና በሌላ ተክቶታል። ልጁ ሁሉንም መርጦ ወደ ኒያላ ሲመልሰው 101 ገጽ የነበረው ወደ 96 ወረደ። አባሪው ላይ የድሮውን ፎንት ሲመርጥለት ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ በአንዴ አማርኛ ሆነ። እጁን ልስመው ነበር። እዚያ ቆሜ የአንዲት እናትን ቃል አነበብኩ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ግን ማውጫው አለ። ታብሌቱ ላይ ማውጫውን በራሱ የሚያድሰውን ትእዛዝ ፈልጌ ስላጣሁት ገጽ ቁጥሮቹን በእጄ ተይቤያቸው ነበር። ገጹ ሲቀንስ ቁጥሮቹ ሁሉ ተሳሳቱ። አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመርኩ። ሱቁ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ልጁ መብራቱን ማጥፋት ጀመረ፣ እኔም የቀረውን ያስተካከልኩ መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር። አምስት ኮፒ ታተመ፣ ጠዋት ተጠረዘ።

ዓርብ 5 ሰዓት ከ20 ላይ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሠራተኛው ሽፋኑን አየ፣ የአማካሪዬን ፊርማ አየ። ከዚያ ማውጫውን ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አስቀመጠ።

«ምዕራፍ አራት ገጽ 63 ይላል። እዚህ 58 ነው።»

«ስህተት ነው፣ እባክህ በእስክርቢቶ ላስተካክለው።»

«አይቻልም። አስተካክለሽ ነይ።»

«6 ሰዓት ትዘጋላችሁ እኮ!»

«አሠራሩ ነው እህቴ።»

ሮጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ተመለስኩ፣ ሰልፍ ነበር። ማውጫዋን አሳትሜ፣ ጥራዙን አስፈትቼ፣ አስቀይሬ ስመለስ 6 ሰዓት ከ15 ሆኗል። መስኮቱ ተዘግቷል። በሩን አንኳኳሁ። ሰውየው ወጥቶ «ለቀጣዩ ዙር» አለኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው አልኩት። አዎ አለኝ።

እናቴ ለምርቃቴ ከደሴ ልትመጣ ነጠላዋን አስጠልፋ ጨርሳለች። ስልክ ደውዬ ስነግራት «ልጄ፣ ጤና ይስጥሽ እንጂ» ብላ ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚያ ሰውዬ ተናድጃለሁ፣ አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል፤ ውስጡ ያለውን አንድ ገጽ ያላነበበ ሰው በጥቂት ቁጥር ወራት ወሰደብኝ። በራሴ ግን የበለጠ ተናድጃለሁ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ወስጄ የራሴን ፋይል ብከፍት ኖሮ ሁሉንም እዚያው አየው ነበር።

ከዚያ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ዴል ላቲቲዩድ 7490 ነው፤ ለቢሮ ተብለው ከሚሠሩት ጠንካሮቹ አንዱ። ያገለገለ አትግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። በታብሌቱ ዋጋ የሚገዛው ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ፕላስቲኩ የሳሳ፣ ፍጥነቱ የሚያናድድ ነው። የቢሮ ላፕቶፕ አሮጌም ቢሆን ይሻላል፣ ማየት የሚገባችሁን ካያችሁ።

ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ አይ ፋይቭ ነው ሲሏችሁ አታቁሙ፤ ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። የእኔ 8350 ነው፣ በ8 ይጀምራል፤ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልዱን «ምንም አይልም» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል፤ እናንተ እምቢ በሉ። ባትሪውን በመቶኛ አትመኑ፤ ሻጩ ፊት የባትሪ ሪፖርት አስወጡና አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አስተያዩ። የእኔ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይል ነበርና በዚያ ሰበብ ዋጋ አስቀነስኩ። ኪቦርዱ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ ሳይቀር ተጫኑ። ማጠፊያውን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ።

ቤት እንደገባችሁ ኪይማንን ጫኑ። ኒያላን ከፈለጋችሁ ደግሞ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ተጭኖ ላይመጣ ይችላል፤ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ከአማራጭ ፊቸሮች የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶችን ማውረድ ነው። ይሄን ባለማወቅ ፎንቱ ጠፋ ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ተማሪ አይቻለሁ። የድሮ ፎንት ፋይል ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ የማስገቢያው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ።

የዩኒቨርሲቲው መመሪያ በወርድ አስገቡ ይላል። እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወርድ ይዛችሁ አትሂዱ እላለሁ። ቤታችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከአንድ እስከ መጨረሻው ገጽ በዓይናችሁ እዩት፣ ያንን አሳትሙ። ፒዲኤፍ የትም ሄዶ ገጹ አይቀየርም። ወርዱን ለብቻ ስጧቸው።

ታብሌት አትግዙ እያልኩ አይደለም። ሥራህ ማንበብ፣ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ መያዝ፣ ኢሜይል መመለስ ከሆነ ይበቃሃል፣ እንዲያውም ይመችሃል። ኪቦርዱን ግን አትግዛ፣ ብሩን አስቀምጠው። ረጅም አማርኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ ተርጓሚ፣ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ የምታዘጋጁ፣ ላፕቶፕ ግዙ። ካልሆነም የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዚያው ቆማችሁ አንድ ገጽ አማርኛ ተይቡ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።

የእኔ ታብሌት አሁን ደሴ ነው። እናቴ ዳዊቷን ፊደሉን አጉልታ ታነብበታለች፤ መነጽር ሳታደርግ።

በቀጣዩ ዙር ያው መስኮት ጋ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነበር። ማውጫውን ገለጠ፣ ምዕራፍ አራት ላይ ጣቱን አስቀመጠ፣ ገጹን ፈልጎ አገኘው። 58። ሌላ አንድ ፈተሸ፣ እሱም ልክ ነው። ማህተሙን አነሳና አምስቱም ኮፒ ላይ መታልኝ።