ናሙናው ከየትኛው ዝርዝር ወጣ?

የጥናቱ ሕዝብ የምንለው ድምዳሜ ልንሰጥበት የምንፈልገውን ሁሉ ነው፤ ሰው ብቻ ሳይሆን አምፖል ወይም የሆስፒታል ካርድም ሊሆን ይችላል። ናሙናው ከዚያ ውስጥ መርጠን የምንለካው ክፍል ነው። ስለዚህ መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ግን ዕጣ በሚወጣበት ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አንድ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፤ ላንደን ያሸንፋል አለ፣ ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ፤ ድሆች በበቂ አልተካተቱም። የመለሱትም ካልመለሱት ይለያሉ። እንዲህ ያለውን መዛባት የናሙና ብዛት አያርመውም!

ብዛት የሚቀንሰው በዕጣው አጋጣሚ የሚመጣውን ስህተት ብቻ ነው። በቀላል ዕጣ ለተመረጡ 400 ሰዎች፣ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ (ዕጣው ደጋግሞ ቢወጣ ከ100 ጊዜ በ95ቱ ያህል የሚሠራ ማለት ነው)፣ በመቶኛ የተገለጸ ውጤት የስህተት ህዳግ፣ ማለትም ከሕዝቡ እውነተኛ ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ልክ፣ ቢበዛ ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ይጠጋል። በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ያስፈልጋል። ሕዝቡ መቶ ሺህም ይሁን መቶ ሚሊዮን ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም፤ ብዙዎች ይህን ለማመን ይቸገራሉ።

ዕጣ የወጣለት ሰው ካልተገኘ በቅርብ በተገኘ ሰው አትተኩት። በሌላ ሰዓት ተመለሱ፤ ያልተገኙትንም ቆጥራችሁ በሪፖርቱ ጻፉ።