ሽታው የጠፋ በረኪና

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው የአራት ወር ቡችላ በነጠላ ተጠቅልሎ ከሳቢያን በባጃጅ መጣ። ትውከቱ፣ ድካሙ፣ ከበር የሚቀበለው ሽታና አንድም ጊዜ አለመከተቡ ፓርቮን፣ ማለትም የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃውን ተላላፊ ቫይረስ፣ ለመጠርጠር በቂ ነበሩ። ቫይረሱን በቀጥታ የሚገድል መድኃኒት በእጃችን ስለሌለ፣ ሕክምናው የጠፋውን ፈሳሽ በሪንገር ላክቴት መተካት፣ ትውከቱን ማስታገስና ከተጎዳው አንጀት ወደ ደም የሚዘልቁትን ባክቴሪያዎች በአንቲባዮቲክ መከላከል ነው። በአምስተኛው ቀን ሾርባ መላስ ጀመረ።

እኔ በዚህ ስደሰት፣ እሱ በመጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ክትባት መጥተው የነበሩ ሁለት የስምንት ሳምንት ቡችሎች በአንድ ቀን ልዩነት ታመው ተመለሱ። የአንደኛው ባለቤት የከዚራ ጡረተኛ ናቸው። የድሬ ሰው እንደመሆናቸው «አንተ» እያሉ ነበር የሚያጫውቱኝ፤ ያን ዕለት ግን «ጤነኛ አምጥቼ በሽተኛ ሰጣችሁኝ» አሉ።

በዚያ ሰሞን መብራት ይጠፋ ስለነበር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክትባቱን ነው። የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው ወሰን አልወጣም፤ ደግሞም በሙቀት የተበላሸ ክትባት አይከላከልም እንጂ በሽታውን አያመጣም። ነገሩን የፈታችው ረዳቴ ናት። ሦስቱም ቡችሎች የተመዘኑበትን ሚዛን የምትጠርግበትን ጠርሙስ አፍንጫዬ ሥር አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይኼ እኮ በረኪና በረኪና አይሸትም» አለችኝ።

ክዳኑ የተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ተበጥብጦ የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ የተቀመጠ። በረኪና ከተበጠበጠ በኋላ ሙቀትና ብርሃን ኃይሉን ያደክሙታል፤ የድሬን መስኮት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሚዛኑን የላስቲክ ምንጣፍ ገልብጬ መስመሮቹን በምላጭ ጫፍ ብጭር፣ የደረቀ ቡናማ ቆሻሻ እንደ ቅርፊት እየተነሣ ወጣ። እንዲህ ባለ ቆሻሻ ላይ አዲስ በረኪና እንኳ ይከሽፋል፤ እኛ ደግሞ ረጭተን ወዲያው እንጠርግ ነበር። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮልም ብዙ አይጎዳውም። መሆን የነበረበት በሳሙና ፈግፍጎ ማጠብ፣ ከዚያም በዕለቱ የተበጠበጠ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ማቆየት ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ጠርሙሱን ግን አንድ ቀን እንኳ አሽትቼው አላውቅም።

ከሁለቱ አንዱ ዳነ። የጡረተኛው ግን በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ጥፋቱ ከእኛ ሚዛን ሳይሆን እንደማይቀር ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ ገንደ ቆሬ ከእናቱ ጋር የቀረውን ወንድሙን ማምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቫይረሱ በግቢው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ሊቆይ እንደሚችል፣ ስለዚህ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላውና ክትባቱን እስኪጨርስ እዚያው ቢቆይ እንደሚሻል አስረዳኋቸው።

«ታዲያ የት ነው የሚከተበው? እዚያው ሚዛናችሁ ላይ?»

በማግስቱ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ገንደ ቆሬ ወረድኩ። ቡችላውን የመዘንኩት ከጎረቤት በተዋስነው የሽንኩርት ሚዛን ነው።