ቦን ላይ ያዘጋጀናት አንዲት ገጽ

የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በመንግሥታት ድርድር ውስጥ ምን ይሠራሉ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ድምፅ አንሰጥም፤ አንፈርምም። ሰብሳቢው ካልፈቀደልን አንናገርም። ሲፈልጉ በሩን ይዘጉብናል። ታዲያ የታዛቢ ቢጫ ባጅ አንጠልጥለን ለምን እንሄዳለን? እኔ መልሱን ያገኘሁት ቦን ላይ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች ሰኔ 2022 ነው፤ ሌሎቹንም ዓመቶች በፈረንጆቹ እጽፋለሁ። ቦን የጀርመን ከተማ ናት። ኮፕ የሚባለው ትልቁ የአየር ንብረት ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ተደራዳሪዎች ሰኔ ሰኔ እዚያ ይገናኛሉ። የዚያ ዓመት ትኩሱ ጉዳይ ጉዳትና ኪሳራ ነበር። ጎርፍ የወሰደውን ቤት፣ ድርቅ የጨረሰውን ከብት፣ ባሕር የዋጠውን መሬት ማን ይካስ ነው ነገሩ። ቫኑዋቱ ትንንሽ የደሴት አገሮችን ወክላ ይህን ካነሳች ከ1991 ጀምሮ ሲንከባለል ኖሯል። በ2021 ግላስጎው በተካሄደው ኮፕ ላይ ከ130 በላይ ታዳጊ አገሮች ያሉበት የቡድን 77 እና የቻይና ጎራ ገንዘብ የሚሰጥ አካል ይቋቋም ብሎ ጠየቀ። ያገኘው ግን የሦስት ዓመት ውይይት ነው። ቦን ላይ የተጀመረው ያ ውይይት ነበር።

የእኔ ሥራ ማስታወሻ መያዝ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ስብሰባዎች በተለያዩ ክፍሎች ይካሄዳሉ። ሀብታም አገር ለየክፍሉ ሰው አለው። ትንሽ አገር ግን ሁለት ሰው ልኮ አንዱ ፋይናንሱ ጋ፣ ሌላው ማላመዱ፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጡን መቋቋሙ፣ ጋ ሲሮጥ ሦስተኛው ክፍል ባዶ ይቀራል። እኛ ደግሞ ከየአገሩ የመጣን ድርጅቶች ተባብረን ክፍሎቹን እንከፋፈላለን፤ ማታ ማታ ማስታወሻ እንለዋወጣለን።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የአንዲት ትንሽ አፍሪካዊት አገር ሴት ተደራዳሪ ኮሪደር ላይ አስቆሙን። ደክሟቸዋል። «ጠዋት የፋይናንሱ ክፍል ውስጥ ምን ተባለ? እኔ ሌላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አሉ። ማስታወሻዬን አነበብኩላቸው። ቀጠሉና ዋናውን ጥያቄ አመጡ። «ሀብታሞቹ ያሉት ፈንዶች ይበቃሉ፣ አዲስ አያስፈልግም እያሉ ነው። ነገ መልስ ያስፈልገኛል።»

ሌሊቱን አንዲት ገጽ ሠንጠረዥ ሠራን። አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ፣ የማላመድ ፈንድ፣ በ2001 በጣም ላላደጉ አገሮች የተቋቋመው ፈንድ፣ የሰብዓዊ ዕርዳታ ጥሪዎች። በየአንዳንዱ ጎን ለምን እንደሚከፍልና ለምን እንደማይከፍል ከራሱ ከፈንዱ ሰነድ ጠቀስን። ገጿን ያየ ሰው ክፍተቱን ወዲያው ያየዋል። ብዙው ገንዘብ ወደፊት የሚመጣውን ለመቀነስና ለመቋቋም ነው። የፈረሰውን ለመጠገን፣ የተፈናቀለውን መልሶ ለማቋቋም ተብሎ የተመደበ ነገር ግን አልነበረም። የሰብዓዊ ዕርዳታውም ቢሆን በለጋሽ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ጋ ነው። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ከገጿ ግርጌ ድርጅታችን የሚጠይቀውን የገንዘብ መጠን ጨመረበት። አለቃችን አይተው ሰረዙት። ልጁ ተናደደ። «ለአገራቸው የሚጠቅም እኮ ነው!» አለ።

አለቃችን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይሄ የእኛ አቋም ነው። በራሳችን መግለጫ፣ በራሳችን ስም እንለዋለን። ነገ አንዱ ተደራዳሪ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ቢላቸው መልሱ ከዋና ከተማቸው መምጣት አለበት እንጂ ከእኛ ላፕቶፕ አይደለም። አንዴ የእኛን ሐሳብ በእሳቸው አፍ ከጨመርን በኋላ ማንም አያምናቸውም። እኛንም አያምነንም።»

በማግሥቱ ሴትዮዋ ከገጿ የወሰዱት ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። የቀረውን ከአገራቸው ድርቅ ተነስተው በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ። ንግግራቸው ከእኛ ወረቀት በጣም የተሻለ ነበር። እኔ ከኋላ ታዛቢዎች ወንበር ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነበር፤ በጣም ደስ አለኝ።

ይህ አሠራር በእኛ አልተጀመረም። የደሴት አገሮቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲደራደሩ ፊልድ የሚባል የለንደን የሕግ ድርጅት ጠበቆች አብረዋቸው ነበሩ። የእኛው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ቡድን መርተው በዘረ መል የተለወጡ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የሚገዛውን የካርታሄናን የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲከራከሩም ሰርድ ወርልድ ኔትወርክን የመሳሰሉ ድርጅቶች የሳይንስና የሕግ ሰዎችን ይዘው ከጎን ነበሩ። ፕሮቶኮሉ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። የተደራደሩት ግን እሳቸውና የየአገሩ ልዑካን ናቸው። ድንበሩ እዚያ ጋ ነው፤ እኔም አጥብቄ የማምንበት ነው።

ውጭ ባነር ይዘው የሚጮኹት ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቦን ላይ በየበሩ ሰልፍ ባይኖር ኖሮ ጋዜጠኞች ስለ ጉዳትና ኪሳራ ባልጠየቁ ነበር። አብዛኛው የእኛ ገንዘብ ከሀብታም አገሮች ለጋሾች እንደሚመጣም አልደብቅም። ስለዚህም ነው ማን እንደጻፈውና ምንጩ ምን እንደሆነ በግልጽ ማስቀመጥ ያለብን።

የጉዳትና ኪሳራው ፈንድ በዚያው በ2022 ኅዳር፣ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው ኮፕ ላይ ተወሰነ። ያመጣነው እኛ ነን የሚል ካለ አልስማማም። ቡድን 77 አልተከፋፈለም። የዚያ ዓመት ሊቀመንበሩ ፓኪስታን ደግሞ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ነበር የመጣችው። የደሴቶቹም የሠላሳ ዓመት ትግል አለበት። በ2023 ዱባይ ላይ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገባ፤ ከጉዳቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላም ጽፈውልናል። ያን ጊዜ የጠየቁት ስለ ፈንዱ ቦርድ ነበር። ከ26ቱ መቀመጫ 14ቱ የታዳጊ አገሮች ናቸው፤ አፍሪካ ሦስት አላት። አገራቸው በየትኛው በኩል ሐሳቧን ማቅረብ እንደምትችል ማወቅ ፈለጉ። ያ ወጣት ባልደረባችን ነው ሠንጠረዡን የሠራላቸው፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የምንጩን ሰነድ አስቀምጦ።