ከፍቅሩ ማን ይለየናል?

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ሄጄ ባለቤቷን በቅርቡ የቀበረችውን አክስቴን አጽናንቼ ተመለስኩ። በለቅሶው ቤት እንደተለመደው «ለበጎ ነው» የማይል ሰው አልነበረም፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንባው ላልደረቀ ሰው ቶሎ ሲነገር ደስ አይለኝም። ከሁሉ ይልቅ የጠቀሟት እንጀራ በሌማት ይዘው የመጡት ሙስሊም ጎረቤቷ ይመስሉኛል፤ «አብሽሪ እህቴ» ብለው ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አክስቴ እግዚአብሔር ለምን እንደወሰደው እንደማታውቅ በግልጽ ተናገረች፤ ቀጥላም «ቢሆንም እኔን አልተወኝም» አለች። ወደ ደሴ ስመለስ መኪና ውስጥ ሮሜ ምዕራፍ 8ን ደጋግሜ አነበብኩ። ሐዋርያው ጳውሎስ «ከክርስቶስ ፍቅር ማን ይለየናል?» ብሎ መከራን፣ ጭንቀትን፣ ስደትን፣ ራብንና ሰይፍን የሚዘረዝረው እነዚህ በአማኝ ላይ አይደርሱም ለማለት ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ የተገረፈና የታሰረ ሰው በመሆኑ፣ ቢደርሱብንም ከዚያ ፍቅር ሊለዩን እንደማይችሉ ለመመስከር ነው። የተሰጠን ተስፋ ይህ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምቾት ቃል የገባልን የለም። ነቢዩ ዕንባቆምም እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በረቱም ባዶ ቢቀር በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ተናግሯል (3፥17-18)፤ የ1977ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሽማግሌ ይህን ቃል እንደ ጌጥ አይሰማውም።

አክስቴን በጸሎታችሁ አስቧት፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። የባለቤቷንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።