የክብሪት ቀፎው

አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም የጥንታዊት ግብፅ ክፍል ኩሬተር፣ ማለትም የቅርሶቹ አጥኚና ጠባቂ ነኝ። ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዶክትሬት፣ ሁለት የቁፋሮ ወቅት ላይኛው ግብፅ፤ ወደዚህ ሥራ የሚያስገባው የተለመደው መንገድ ይኸው ነው። የጥንቱ ቋንቋ አያስፈራችሁ። የእኛ "ሞተ" እነሱም ዘንድ ም-ው-ት ነው። ጀርመንኛን ግን እንዳትዘሉ፤ የዚህ የጥንት ቋንቋ ትልቁ መዝገበ ቃላት በጀርመንኛ ነው።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ስለ ዕቃ ቤቱ ነው።

ተለማማጅ ሳለሁ ላይኛው ግብፅ ካለው የነቃዳ መካነ መቃብር የመጡ ዶቃዎችን እንዳደራጅ ታዘዝኩ። ከፈርዖኖች በፊት የተቀበሩ ናቸው። የድሮ ቆፋሪዎች ትንንሹን ነገር ባገኙት ይይዙት ነበር፤ በጋዜጣ፣ በሲጋራ ቆርቆሮ፣ በክብሪት ቀፎ። የክፍሉ ኃላፊ "አሮጌ ወረቀት አሲድ አለው፣ ጣይው፣ እስከ ዓርብ ይለቅ" አለኝ። መመሪያውም እንደዚያው ይላል።

ሰባት የክብሪት ቀፎ ጣልኩ። አንዱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። መሳቢያውን ገልብጬ ዶቃዎቹን ሳወጣ፣ ሥሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ደብዛዛ ቁጥር አየሁ። የዋጋ ነገር መሰለኝና ጣልኩት።

የመቃብር ቁጥር ነበር።

ዶቃ ብቻውን ዕድሜውን እምብዛም አይናገርም። የሚናገርለት አብሮት የተቀበረው ሸክላ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳየውም ይህንኑ ነው። ወደ 900 የሚጠጉ መቃብሮችን እያንዳንዳቸውን በቁራጭ ካርድ ላይ ጽፎ፣ የሸክላቸውን ዓይነት እያመሳከረ በዕድሜ ቅደም ተከተል ደረደራቸው። የእኔን ዶቃ ከሸክላው ጋር የሚያገናኘው ያ የእርሳስ ቁጥር ብቻ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ አንዲት ተመራማሪ መጥታ "ከየትኛው መቃብር ናቸው?" ስትለኝ ክው አልኩ። ሁለት ዓመት የቁፋሮ ደብተርና የድሮ ፎቶ ሳገላብጥ ከረምኩ። የአራቱን አገኘሁ። ሦስቱ ቀሩ። ኃላፊው "ማንም አያውቅም፣ ተይው" ነበር ያለኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል። እኔም ብሆን ቁጥሩን አይቻለሁ፤ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ዶክትሬት ሳትይዙ ሙዚየም አትግቡ የሚሏችሁን አትስሙ። ቀድማችሁ ግቡ፤ ዕቃ ቤት የሚያስተምረውን ክፍል ውስጥ አታገኙትም። መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ አሮጌ መያዣ አትጣሉ። በሁሉም ጎኑ ፎቶ አንሱት፣ ውስጡንም ጭምር። ለብቻው አስቀምጡትና ቁጥር ስጡት።

አሁን ክፍሉ በእኔ እጅ ነው። ለባዶ ቀፎና ለጋዜጣ ቁራጭ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ሰጥቻለሁ። መቃብራቸው ያልተገኘው ዶቃዎች ሦስት ከረጢቶች ከጎኑ መሳቢያ ውስጥ አሉ። "መቃብሩ ያልታወቀ" ይላል የእያንዳንዳቸው ወረቀት፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ።